ሥልጣን መጋራት ወይስ መሥሪያ ቤት መከፋፈል? የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ጥያቄ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። ሥልጣንን መጋራትና መሥሪያ ቤቶችን መከፋፈል አንድ ናቸውን? በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በወልቂጤ ክርክሩ የሚያተኩረው የትኛው ቢሮ የት ይቀመጥ፣ ማንስ ይምራው በሚለው ላይ ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ክፍፍሉን የሚገዛ ግልጽ ሕግ እስካልኖረ ድረስ መጋራቱ አልተጀመረም የሚል ነው።

ታሪኩን እናስታውስ። ሆሳዕና ለረጅም ዘመን የሀዲያና የከምባታ የጋራ አውራጃ ከተማ ነበረች። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የሀዲያ ዞን መቀመጫ በሆሳዕና፣ የከምባታውም በዱራሜ ሆነ። ሁለቱም በደቡብ ክልል ውስጥ ተካተቱ።

ያ ክልል ከሃምሳ በላይ ብሔረሰቦችን ይዞ ነበር። የብሔረሰቦች ምክር ቤትም በሕገ መንግሥቱ ተደንግጎለታል። ነገር ግን ሹመቱንና ድርሻውን በተግባር የሚያመዛዝነው የገዥው ፓርቲ የውስጥ ድርድር ነበር። ስለዚህም ግንባሩ በ2010 ዓ.ም. ሲናወጥ ውሉ አብሮ ላላ። ሲዳማ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ ወጣ፤ ጉራጌ፣ ሀዲያና ከምባታ ጠምባሮን ጨምሮ በርካታ ዞኖችም በምክር ቤቶቻቸው የክልልነት ጥያቄ አጸደቁ።

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎችም በሕዝበ ውሳኔ ተመሠረቱ። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ግን የተለየ ልደት አለው። ሌሎቹ ከወጡ በኋላ የቀሩት አካባቢዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአዲስ ስም የተደራጁበት ክልል ነው፤ የራሱ ሕዝበ ውሳኔ አልተካሄደበትም። ጉራጌም ለብቻው ክልል የመሆን ጥያቄውን ይዞ ሲከራከር ቆይቶ ነው የገባበት። በድምፅ ያልተገኘ ቅቡልነት ደግሞ በፍትሐዊ አሠራር መገኘት ይኖርበታል። የዛሬው ጉዳይ ክብደትም ከዚህ ይመነጫል።

ክልሉ 7 ዞኖችና 3 ልዩ ወረዳዎች አሉት። ሀዲይኛና ከምባትኛ ኩሻዊ፣ ጉራጊኛና ስልጢኛ ሴማዊ፣ የምኛ ደግሞ ኦሞአዊ ቋንቋዎች ናቸው። ሆሳዕና ዋና መቀመጫ ሆና ቢሮዎቹ በተለያዩ ከተሞች ተበትነዋል። ይህ አንዱ ከተማ ሁሉን እንዳይጠቀልል ይረዳል። በአንጻሩ የሁለት ቢሮዎች ፊርማ የሚያስፈልገው ባለጉዳይ ከከተማ ከተማ ይመላለሳል፤ የክፍፍሉን ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው።

የፖለቲካ ሳይንስ ሊቁ አረንድ ላይፕሃርት ለተከፋፈሉ ማኅበረሰቦች አራት ምሰሶዎች አስቀምጧል፦ የጋራ አስፈጻሚ፣ ተመጣጣኝ ውክልና፣ የውስጥ ራስ ገዝነት እና በወሳኝ ጉዳዮች ላይ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት። እኛ ዘንድ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው በውክልናው ላይ ነው። ቁጥሩ አነስተኛ የሆነው ጠምባሮ ወይም ማረቆ ጥቅሙ ሲነካ በየትኛው ሕጋዊ መንገድ ውሳኔውን ያስቆማል? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ቀመሩን መጻፍ ብቻውን አይበቃም። የቦስኒያው የዴይተን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1995 ጦርነቱን ቢያስቆምም የፕሬዚዳንትነት ሥልጣኑን ለሦስት ሕዝቦች ብቻ ከፈለ። ከሦስቱ ያልሆኑት አንድ አይሁዳዊና አንድ የሮማ ተወላጅ ዜጎች መወዳደር ተከልክለው ከሰሱ፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2009 ፈረደላቸው። በሆሳዕናም ተወልዶ ያደገ፣ ነገር ግን የዞኑ ባለቤት ከሚባለው ብሔረሰብ ያልሆነ ነዋሪ አለ። በዱራሜም እንዲሁ። የሥልጣን ክፍፍላችን እሱን ካላየው ቅሬታውን ለነገ እናስተላልፋለን።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። የሹመትና የበጀት ክፍፍል መመዘኛ በሕግ ተጽፎ ለሕዝብ ይገለጽ። አነስተኛ ማኅበረሰቦች በቋንቋ፣ በወሰንና በአስተዳደር መዋቅር ጉዳይ ውሳኔን የሚያዘገዩበት ሥርዓት ይበጅላቸው። የከተማ ነዋሪም በነዋሪነቱ ይወከል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ፍትሐዊ ውክልናን ደንግጓል፤ ዝርዝሩን የመሥራት ኃላፊነት ግን የእኛ ነው።

የፓርቲ ስምምነት ከፓርቲው ዕድሜ አይረዝምም። ይህን በደቡብ ክልል አይተነዋል። ተማሪዎቼ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትመርጡ ይህን ጉዳይ እንድታስቡበት አደራ እላለሁ።