በጉበት የተከማቸ ቫይታሚን ኤ እንዴት ይለካል?

ቫይታሚን ኤ በስብ ውስጥ የሚሟሟ በመሆኑ፣ ሰውነት ከዕለት ፍላጎቱ በላይ ያገኘውን በሽንት አያስወግደውም፤ ከስብ አሲድ ጋር አጣምሮ በጉበት ውስጥ፣ በተለይም በቅርጻቸው ኮከብ መሰል በተባሉ ሕዋሳት ውስጥ ያኖረዋል። የዚህ ክምችት አቅም ጎልቶ የታየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ነው። ሕሊናቸው ጦር መሣሪያ ማንሳትን ያልፈቀደላቸው በጎ ፈቃደኞች ቫይታሚን ኤ የሌለው ምግብ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዶቹም እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ሲመገቡ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 እንደታተመው ዘገባ ከ16ቱ የማያጠራጥር የእጥረት ምልክት የታየባቸው 3 ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ከዳፍንት የጠበቃቸው ቀድሞ በጉበታቸው ያደረ ቫይታሚን ነው።

ክምችቱን ከደም ማንበብ ግን አይቻልም። ጉበት ሬቲኖልን፣ ማለትም በደም የሚዘዋወረውን የቫይታሚኑን ዓይነት፣ ከአጓጓዥ ፕሮቲን ጋር እያጣመረና መጠኑን እየተቆጣጠረ ስለሚለቀው፣ ክምችቱ ቢበዛም ቢያንስም የደሙ ልክ ብዙ አይናወጥም፤ የሚያሽቆለቁለው ክምችቱ ሊሟጠጥ ሲቃረብ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ኩፍኝ ወይም ሌላ ተላላፊ በሽታ የያዘው ሕፃን የጉበቱ ክምችት ባይጎድልም የደሙ ሬቲኖል ለጊዜው ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ሊትር ሴረም 0.7 ማይክሮሞል የሚለው የተለመደ ወሰን ለሕዝብ ቅኝት ቢያገለግልም፣ ስለ አንድ ልጅ ጉበት ለመፍረድ አይበቃም። ከጉበት በመርፌ ናሙና መውሰድ (ባዮፕሲ) እርግጡን ይናገራል፤ ይሁን እንጂ ለቅኝት ሲባል ብቻ በጤነኛ ሕፃን ላይ ይህን ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ከአማራጮቹ አንዱ የጉበትን ምላሽ መፈተን ነው። ቫይታሚኑ ሲያልቅ አጓጓዡ ፕሮቲን የሚሸከመው አጥቶ በጉበት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጥቂት ቫይታሚን ኤ ሲሰጥም የተጠራቀመው ፕሮቲን ወዲያው ይዞት ወደ ደም ይወጣል። በመሆኑም ቫይታሚኑ ከመሰጠቱ በፊትና ከተሰጠ ከ5 ሰዓት በኋላ ደም ተቀድቶ፣ ጭማሪው ከኋለኛው ልኬት ከ20 በመቶ ከበለጠ ክምችቱ እንደተመናመነ ይቆጠራል። ጉድለት ይኑር አይኑር በዚህ ይታወቃል፤ ትርፉ ምን ያህል እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ሙሉውን መጠን የሚገምተው የአይሶቶፕ ማቅጠን ዘዴ ነው። ይዘቱ ባልታወቀ ጋን ውኃ ላይ ልኩ የታወቀ ቀለም ቢጨመር፣ ቀለሙ በሳሳ መጠን ውኃው ብዙ እንደሆነ ይታወቃል፤ በዚህም ዘዴ የቀለሙን ቦታ የሚይዘው ካርቦን 13 በተባለ፣ ጨረር በማያመነጭና ከተራው ካርቦን በክብደት በሚለይ አቶም የተሠራ ቫይታሚን ነው። ተመርማሪው ከዋጠው በኋላ ከነባሩ ጋር እስኪዋሐድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይጠበቅና፣ በደሙ ናሙና ውስጥ የከባዱና የተራው ድርሻ ይነጻጸራል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት፣ በዲዩቴሪየም ማለትም በከባድ ሃይድሮጅን ምልክት የተደረገበትን ቫይታሚን ለቀዶ ሕክምና በተዘጋጁ ጎልማሶች ላይ ሞክሮ፣ የዘዴው ግምት ከባዮፕሲው ውጤት ጋር በእጅጉ እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ስሌቱ ግን ከተዋጠው ምን ያህሉ በጉበት እንደቀረ መገመትን ስለሚጠይቅ፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ባለበት ልጅ ላይ ሊሳሳት ይችላል።

የዘዴው ትልቁ ፍሬ ያልተጠበቀ ነበር። በዛምቢያ ገጠር፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቀለም ያለበት ብርቱካናማ በቆሎ የሕፃናትን ክምችት ምን ያህል እንደሚያሻሽል ለማወቅ የተነሡ ተመራማሪዎች፣ ከልጆቹ ብዙዎቹ በአንድ ግራም ጉበት ከ1 ማይክሮሞል በላይ፣ ማለትም የትርፍ ወሰኑን ያለፈ ክምችት እንዳላቸው አገኙ፤ ይኸው ቀለም ያለበት ማንጎ በደረሰበት ወቅትም የአንዳንዶቹ ቆዳ ቢጫ ሆኖ ታየ። በዚያች አገር ለሕፃናት ካፕሱል ይታደላል፣ ስኳሩም በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ተገቢ ቢሆንም፣ በአንድ ሕፃን ጉበት ውስጥ ሲደመሩ ምን እንደሚሆኑ ቀድሞ የለካ አልነበረም። ካፕሱል ከማደል ጎን የምግብ ዘይትን ማበልጸግ ለጀመሩ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች፣ የታደለውን ካፕሱል መቁጠር ብቻውን የሥራ ውጤት መለኪያ ሊሆን አይገባም፤ ምርመራው ውድ ቢሆንም፣ በጥንቃቄ ከተመረጡ ጥቂት ልጆች የሚወሰድ ናሙና ማን ጎደለበት፣ ማንስ ተረፈው የሚለውን ለመለየት ይበቃል።