አደይ ሲፈነዳ ጓሳን እንይ
(ጸሐፊው በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ፈነዳ። ከአጣዬ በስተምዕራብ፣ ከተራራው በላይ፣ የመንዝ ጓሳ አለ። እዚያ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሣር ሲግጥ፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ይታያል። ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የሉም።

አባቶች «ቄሮ» በሚሉት ደንብ ሣሩን ለዓመታት ከልለው ያቆዩና ጊዜው ሲደርስ ብቻ ያጭዱት ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ደንቡ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ አቁሞ ጥበቃውን መለሰው። ነገሩ እኛንም ይነካል፤ ደጋው ከተራቆተ ጎርፉ የሚወርደው ወደ ቆላው ነው።

እንግዲህ ስትወጡ ልጆች ድንጋይ አይወርውሩ፣ እሳት አይለኩሱ፣ ለዝንጀሮም ዳቦ አይስጡ። ዐይታችሁ ተደሰቱ፤ እንዳለ ትታችሁት ተመለሱ።