ትዳር ፍርድ ቤት ሲደርስ
(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ፍቺ እንድናገር ሲጠይቀኝ «በእንዲህ ያለ የደስታ ቀን?» ብዬ ነበር። የተሰጠኝ መልስ ግን አሳመነኝ። እዚሁ ግቢ ተዋውቀው የተጋቡ በመካከላችን ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ ዛሬ ለየብቻቸው የመጡ አሉ። ስለዚህ እናውራው፣ ምን አለበት።

በጥብቅና ሥራዬ ብዙውን ጊዜዬን የማሳልፈው በቤተሰብ ችሎት ነው። እዚያ አንድ ነገር ይደንቀኛል። ኢንጂነሩም፣ ሐኪሙም፣ መምህሩም ስለ ፍቺ የሚያውቀው ሕግ የወላጆቹን ዘመን ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ምክንያቱም «ከባድ» እና «ከባድ ያልሆነ» ተብሎ ይለያል፤ ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺ የጠየቀ ሰው በንብረቱ ሊቀጣ ይችል ነበር። ይህ ሕግ በ1992 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213፣ ተተክቷል። ሆኖም አሮጌው አስተሳሰብ ዛሬም በየሳሎኑ ተቀምጧል።

አሁን የምናገረው አዋጁ በሚሠራባቸው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስላለው ሥርዓት ነው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ብዙው ነገር ይመሳሰላል፣ ሁሉም ግን አንድ አይደለም፤ ባሕር ዳር ወይም አዳማ ያለ ሰው የክልሉን ሕግ ያስነብብ። ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱ ደግሞ ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፤ «ሁለቱም ከፈቀዱ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

በጣም ከሚጎዳው ስህተት ልጀምር። ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እርቅ እምቢ ይላል። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ «ተለያይተዋል፣ ንብረታቸውንም እንዲህ ተካፍለዋል» የሚል ወረቀት ጽፈው ያስፈርማሉ። ሁሉም ተፋቱ ብሎ ወደየቤቱ ይሄዳል። አልተፋቱም! የፍቺን ውሳኔ መስጠት የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ ነው፤ ካልሆነለትም አልሆነም ብሎ ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ። ያንን ወረቀት ይዞ ሌላ ያገባ ሰው በሕግ ፊት ሁለት ጋብቻ አለው፤ ያ ደግሞ በወንጀል ሕጋችን ያስጠይቃል። ወንጀሉ እንኳ ቢቀር፣ ሰውየው ሲሞት ሁለት ሚስቶች በአንድ ቤት ላይ ሲከራከሩ ይገኛሉ። እኔ ከያዝኳቸው ክርክሮች ሁሉ እንዲህ ያሉት ናቸው የሚከብዱኝ፤ ሁለቱም ሴቶች እውነታቸውን ነዋ!

እርግጥ ነው፣ ባልና ሚስት ለረጅም ዓመታት ተለያይተው እያንዳንዳቸው ሌላ ኑሮ በመሠረቱበት ጉዳይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ጋብቻው በሁኔታ ፈርሷል ያለበት ውሳኔ አለ። ያ ውሳኔ በሕግ ሰዎች ዘንድ ብዙ አከራክሯል። በእሱ ተማምኖ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መቀመጥ ግን በሰው ጃንጥላ ክረምትን ለማለፍ እንደ ማሰብ ነው።

ወደ ፍርድ ቤት የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በስምምነት መፋታት ነው። ባልና ሚስት ፍቺውንም፣ ውጤቱንም፣ ማለትም ልጆቹን፣ ቀለቡን፣ ንብረቱን በጽሑፍ ተስማምተው ያቀርባሉ። ለምን እንደተጣሉ ለዳኛ እንዲናገሩ አይገደዱም። ጋብቻው ከተፈጸመ ስድስት ወር ካልሞላው ግን በዚህ መንገድ መፋታት አይቻልም። ዳኛው ለየብቻም ሆነ አንድ ላይ ያነጋግሯቸዋል፤ ከመሰላቸውም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ዳኛው ማኅተም መቺ አይደሉም። ስምምነቱ በነፃ ፈቃድ የተደረገ መሆኑን ማመን አለባቸው። ልጆቹን ወይም ከሁለቱ አንዱን የሚጎዳ ሆኖ ካገኙት ደግሞ ፍቺውን ብቻ አጽድቀው የጎደለውን ራሳቸው ያስተካክላሉ። «ብቻ ልገላገል» ብላ ሁሉን ትታ የምትፈርም ሴት አጋጥማኛለች። ወንድም አለ እንዲሁ። ሕጉ ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አንደኛው ወገን ወይም ሁለቱም የፍቺ አቤቱታ ማቅረብ ነው። እዚህም ዳኛው መጀመሪያ ለማስታረቅ ይሞክራሉ፣ ባልና ሚስቱ ራሳቸው ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች ሊመሯቸው ይችላሉ፣ እስከ ሦስት ወር የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጡ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ፍቺው ይወሰናል። ሰው በግድ በትዳር አይታሰርም፤ እንደ ድሮው «ከባድ ምክንያት» ማስረዳት የለበትም። የጥፋተኝነት ነገር ጨርሶ ጠፍቷል ማለቴ ግን አይደለም። ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን፣ ፍትሕ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ለተጎዳው ካሣ እንዲከፍል ፍርድ ቤቱ ሊወስን ይችላል።

ቆም ብዬ ልናገርበት የምፈልገው ግን ከአቤቱታው እስከ ውሳኔው ያለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። አቤቱታው እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ልጆቹ ማን ዘንድ እንደሚቆዩና በምን እንደሚቀለቡ፣ ንብረቱም እንዴት እንደሚተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ከቤቱ ማን ይውጣ የሚለውን ሲወስንም የልጆቹን ጥቅምና ከቤት መውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ያያል። እንግዲህ ይህን የማያውቅ ሰው ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ሴትዮዋ በምሽት ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ቤት ትገባለች፤ ለወራትም ያለ ሳንቲም ትቀመጣለች፤ «ቤቱን ጥዬ ስለወጣሁ መብቴን አጥቻለሁ» ብላ ታምናለች። ከቤት መውጣት ድርሻን አያሳጣም። ድብደባ ካለ ደግሞ ማንም «ቤትሽን እንዳትለቂ» ሊላት አይገባም፤ ነፍስ ይቀድማል። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ የልጆቹን የልደት ካርድ፣ የቤቱን ካርታ ቅጂ፣ የባንክ ደብተሩን ግን ብትይዝ ይሻላል። ቤት ወይም መኪና ሊሸጥ ነው የሚል ሥጋት ካለም የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ነው። የጋራ ቤትን ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ሆኖም ከተሸጠ በኋላ ገዢን ማሳደድ ዓመታት ይፈጃል።

ወደ ንብረቱ እንምጣ፤ አዳራሹ የነቃው አሁን ነው መሰለኝ! ሕጉ የሚነሳው በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት ሁሉ የጋራ ነው ከሚል ግምት ነው፤ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም። «የግሌ ነው» የሚል ሰው ማስረዳት ያለበት እሱ ራሱ ነው። የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በጋብቻ ጊዜ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ ነው። ደመወዝስ? የጋራ ነው። የግል ቤት ኪራይስ? እሱም የጋራ ነው፤ ቤቱ የግል ይሆናል፣ ገቢው ግን የትዳሩ ነው። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ፊቱ ይለዋወጣል።

ኮንዶሚኒየም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ምዝገባው ከጋብቻ በፊት፣ ዕጣው በጋብቻ ውስጥ፣ የባንኩ ክፍያ ከሁለቱ ደመወዝ። እንዲህ ያለው ጉዳይ የሚለየው በቀንና በደረሰኝ ነውና ወረቀት አትጣሉ። የጋራ ንብረት በመርህ ደረጃ እኩል ይከፈላል። ቤቱ የማይከፈል ከሆነና ማን ይውሰደው በሚለው ካልተስማሙ ይሸጥና ገንዘቡን ይካፈላሉ። በሐራጅ የሚሸጥ ቤት ብዙ ጊዜ ዋጋውን አያወጣም። አሥራ አምስት ዓመት አብረው የሠሩትን ቤት በእልህ ለሦስተኛ ሰው በርካሽ ያስረከቡ ተማሩ የተባሉ ሰዎች አውቃለሁ። ዕዳም እንዳይረሳ፤ ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ የሁለቱም ነው።

ልጆችን በተመለከተ «እስከ አምስት ዓመት የእናት ነው» የሚለው ያው የ1952ቱ ሕግ ትዝታ ነው። ዛሬ ዳኛው የሚያዩት የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም ነው። ልጁ አብሮት የማይኖረው ወላጅ ቀለብ ይቆርጣል፣ ልጁን የመጠየቅ መብትም ይኖረዋል። ሁኔታዎች ሲለወጡ ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ የራሴን አስተያየት ልጣል። ቀለብ ስላልተከፈለ ልጁን አላሳይም ማለት፣ ወይም ልጁን ስላላሳየችኝ ቀለብ አልከፍልም ማለት፣ ሁለቱም ልጁን መቅጣት ነው። ሁለቱም መብቶች የልጁ ናቸው። ቅር ያለው አፈጻጸም ችሎት ይሂድ፤ መፍትሔው እዚያ ነው።

በመጨረሻ ከውጭ አገር ለመጣችሁ። በሜሪላንድ ወይም በስቶክሆልም የተሰጠ የፍቺ ፍርድ አዲስ አበባ ያለውን ቤት በራሱ ኃይል አያካፍልም። የውጭ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱም ተከሳሹ ቀርቦ የመከላከል ዕድል ማግኘቱን፣ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑን፣ ያ አገር የእኛን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑንና ሌሎችም ነገሮችን ይመረምራል። ስለዚህ እዚያ ስትፋቱ አገር ቤት ስላለው ንብረት በግልጽ ተስማሙና ጻፉት፤ ሰነዱንም እዚያው ባለው ኤምባሲያችን አረጋግጣችሁ ላኩ። እዚህ ላለ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ የውክልና ሥልጣን ስትሰጡም ምን ምን እንዲያደርግ እንደፈቀዳችሁ ዘርዝሩ፤ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለው ቃል በልማድ ገብቶ ስንቱን ቤት አሳጥቷል።

ሰዓቴ አልቋል ተብያለሁ። የግል ጥያቄ ያላችሁ በሻይ ሰዓት ጥግ ላይ ታገኙኛላችሁ።