ያልተለያዩ አጥንቶች፦ ስለ ክሊፔል-ፌይል ሲንድረም



ሞሪስ ክሊፔልና አንድሬ ፌይል የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጹት ይህ ሕመም፣ ከሰባቱ የአንገት አከርካሪ አጥንቶች ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት እንደ አንድ አጥንት ሆነው የሚገኙበት፣ አብሮ የሚወለድ ችግር ነው።

በአማርኛ ስናስረዳ «የአጥንቶች መጣበቅ» ማለት ይቀናናል። አገላለጹ ግን ያሳስታል። የሚጣበቅ ነገር አስቀድሞ የተለያየ ነው፤ እነዚህ አጥንቶች ግን ቀድሞውኑ አልተለያዩም። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ሳለ፣ አከርካሪውን የሚሠሩት ክፍሎች በወጉ ሳይከፋፈሉ ቀርተዋል። በአንዳንድ ቤተሰቦች ጂ.ዲ.ኤፍ. 6፣ ጂ.ዲ.ኤፍ. 3 ወይም ኤም.ኢ.ኦ.ኤክስ. 1 በተባሉት ዘረ መሎች ላይ የሚከሰት ለውጥ መንስኤ እንደሆነ ታውቋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በተመለከተ ከአንድ ወላጅ የተወረሰ ለውጥ ይበቃል፤ በሦስተኛው ግን ለውጡ ከሁለቱም ወላጆች መምጣት አለበት። ብዙዎቹ ታማሚዎች ግን ከቤተሰባቸው ብቸኛ ናቸው።

ይህን ያነሣሁት ለቃላት ክርክር አይደለም። በዚያው የጽንስ ዘመን ኩላሊት፣ ልብና ጆሮም ይሠራሉ። ስለዚህ ያልተለያየ የአንገት አጥንት ያየ ሐኪም ኩላሊትን በአልትራሳውንድ ማየት፣ ልብን ማዳመጥና የመስማት ችሎታን መመርመር ይኖርበታል።

ተማሪዎች ሦስቱን ምልክቶች በቃላችሁ ትይዛላችሁ፦ አጭር አንገት፣ ዝቅ ብሎ የሚያልቅ የማጅራት ጸጉርና የአንገት እንቅስቃሴ ማነስ። ሦስቱም ተሟልተው የሚታዩት ግን ከግማሽ በታች በሆኑት ታማሚዎች ላይ ነው። ሦስቱን የሚጠብቅ ሐኪም ብዙዎቹን ያልፋቸዋል።

አደጋውም ብዙውን ጊዜ ዓይናችን ካረፈበት ቦታ ውጭ ነው። ያልተለያየው ክፍል አይንቀሳቀስም፤ የእርሱን ድርሻ የሚሸከሙት ከበላዩና ከበታቹ ያሉት መጋጠሚያዎች ናቸው። እነዚህ ከዓመታት በኋላ ሊላሉና ሊጎዱ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ቀላል የሚመስል አወዳደቅ እንኳ ህብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል። ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያም የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት አንገትን ወደ ኋላ ከማጠፉ በፊት ይህን ማወቅ አለበት። አንገት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ታጥፎ በጥንቃቄ የሚነሣ ራጅ የመጋጠሚያዎቹን መላላት ያሳያል።

እንግዲህ አንገቱን ማዞር ተስኖት በመላ ትከሻው የሚዞር ልጅ ስታዩ፣ «አፈጣጠሩ ነው» ብላችሁ አትለፉት። አፈጣጠሩ መሆኑ እውነት ነው፤ የምርመራችሁ መነሻም ይኸው ነው።