ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ያየነው



ከቁጠባችን 60,000 ብር አውጥተን አሰላ ላይ የዓሣ ንግድ እንጀምር ወይስ ይቅር የሚለውን አይተን እንድንመጣ ሦስታችንን ልካችሁን ነበር። ያየነውን እነሆ።

በአዳማ፣ በሞጆና በመቂ ዞረን ባቱ አደርን። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ደረስን። እኛ ደገኞች ዓሣን የምናውቀው በጾም ወራት ሳህን ላይ ቀርቦ ነው። ቱሉ ጉዶን በመሳሰሉት የሐይቁ ደሴቶች ለሚኖሩት ለዛዮች ግን ከአባት የወረሱት ኑሮ ነው። ቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ ጋር ይዛመዳል፤ ከደንገል ታንኳ መሥራትም ያውቁበታል። አሥጋሪዎቹ ማታ የጣሉትን መረብ ንጋት ላይ አውጥተው ሲመለሱ ጠበቅናቸው።

ቆሮሶው ብዙ ነው፤ ግን አብዛኛው ከመዳፋችን አይበልጥም። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ደስ አለን፤ ትርፉንም እዚያው ቆመን አሰላነው። አጠገባችን ዓሣ የሚገፉ አንዲት እናት ግን ሳቁብን። «ልጆቼ፣ ይኼ እኮ ገና አልወለደም» አሉን። «ታዲያ ለምን ይሰገራል?» ብንላቸው፣ «ገዥ አለዋ!» ብለው መለሱልን።

ያቺ ቃል እስከ አሰላ ተከተለችን። እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ወለዱ እንጂ ዋናው እንደማይበላ እናውቃለን። ያልወለደ ዓሣ መግዛት ዋናውን መብላት ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ አለ፤ ነገር ግን ሕጉ ሌሊት ውሃ ላይ አያድርም። ገዥ ካለ ጠባቡ መረብም ይጣላል።

ሐይቁ የእኛም ነው። የከታር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች ተነሥቶ እዚያ ይገባል። ክረምት ከማሳችን የሚታጠበው አፈርም አብሮት ይወርዳል።

ሦስታችን አልተስማማንም፤ አንዳችን «እኛ ብንተወው ሌላው ይገዛዋል» ብላለች። እውነቷን ነው። ሆኖም በመጨረሻ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው፦ በ30,000 ብር እንጀምር፤ ከመዳፍ ያነሰ ዓሣ አንግዛ፤ የበረዶ ሳጥን ሳይኖረን ግን አንድ ዓሣም አንጫን። ትርፉ መጀመሪያ ካሰብነው ያንሳል፤ ይህንን አንደብቃችሁም። የዓመቱ ሒሳብ ሲነበብ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ብታገኙት፣ ዛሬ እጃችሁን አውጥታችሁ የመረጣችሁት መሆኑን አስታውሱ።

ውሳኔው የእናንተ ነው።