በላስታ ደጋ ያገለገለ ሞተርና ካምቢዮ መለወጥ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከጋሸና ተገንጥሎ 64 ኪሎሜትር የሚጓዘው መንገድ ላሊበላ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያርፋል። በዚህ መንገድ ሰውና እህል ከሚያመላልሱት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ረጅም ዘመን ያገለገሉ ቶዮታዎች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፥ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነቱ ከተማይቱ ድረስ በመዝለቁ የጉብኝት ሥራ ተቋረጠ፤ መኪናዎችም ቆሙ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ሞተሩ የደከመበት ባለመኪና ያገለገለ ሞተር ከነካምቢዮው ከአዲስ አበባ፥ በመለዋወጫ ገበያነቱ ለብዙ ዘመን ከታወቀው ከሶማሌ ተራ፥ ገዝቶ በግቢው ውስጥ ማስገጠም ይመርጣል።

በተለምዶ የሥራው ችግር ማንሳቱ ይመስላል። እርግጥ ነው፥ ከ200 ኪሎግራም በላይ የሚመዝን ብረት በባሕር ዛፍ ምሰሶና በሰንሰለት ሲንጠለጠል ከሥሩ ሰው ሊቆም አይገባም፤ መኪናውም በክሪክ ወይም በድንጋይ ክምር ላይ ብቻ ሊታመን አይገባም። ይሁን እንጂ ዋናው ሥራ ከማንሳቱ በፊት ያለው ነው፤ ይኸውም መለካት ነው።

ለምሳሌ በባሕር ወለል ላይ ሲሊንደሩ ሲለካ 32 ኪሎግራም በስኩዌር ሴንቲሜትር የሚያሳይ ጤነኛ የናፍጣ ሞተር በላሊበላ 24 ገደማ ብቻ ያሳያል። ሞተሩ አልደከመም፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ስለሚያንስ ነው። ይህን ያላወቀ መካኒክ ደህናውን ሞተር ይጥላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሻጩ «ከፍታው ነው» ብሎ የደከመውን ሲያሳልፍ ነው። ፍርዱ ትክክል የሚሆነው ንባቡ ለከፍታው ከታረመው ቁጥር ጋር ሲነጻጸርና የአንዱ ሲሊንደር ንባብ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ነው። አንደኛው ከሦስቱ እጅግ ዝቅ ካለ ጥፋቱ የከፍታው አይደለም።

ማቀዝቀዣውም እንዲሁ ነው። በላሊበላ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ በጤናው የሚሠራበት ሙቀት ከዚሁ ቁጥር ብዙም ስለማይርቅ፥ ውሃውን ከመፍላት የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ ዳገቱ ላይ ውሃው ይፈላል፤ በብዙ ድካም የተገጠመው ሞተርም ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል ወይም ቴስታታው ይሰነጠቃል። የነዳጅ ፖምፓውም ለቆላ አገር የተስተካከለ ከሆነ የሚረጨው ናፍጣ ከአየሩ ስለሚበልጥ ትርፉ ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው።

ካምቢዮው ሊናቅ አይገባም። ዘይቱ ተቀድቶ የነሐስ ብናኝ ከታየበት፥ ወይም የግቤቱ ዘንግ በእጅ ሲወዘወዝ ከተንቀጠቀጠ፥ ኩሽኔታውና ጥርሱ መመርመር አለባቸው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ቮላኖው ላይ በመሀል መሀሉ ከተስተካከለ ካምቢዮው በእጅ ግፊት ብቻ ገብቶ ይቀመጣል። እምቢ ሲል በብሎን ጎትቶ ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዲስኩን ያጣምማል፥ የካምቢዮውንም ቤት ይሰነጥቃል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይናውያን እርዳታ በተሠራው የወልድያ–ወረታ መንገድ፥ በድልብ ቁልቁለት ሲወረድ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ አይደለም፤ ዝቅተኛው ማርሽ ነው። ቁልቁለቱ መሀል ማርሹ ቢዘል የሁሉ ሸክም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ይግላል፥ አቅሙም ይከዳዋል። በመኪናው ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች ግን ካምቢዮው በማን ግቢ፥ በምን ጥንቃቄ እንደተገጠመ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም።

የመጨረሻው ሥራ የወረቀት ነው። የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ የሰፈረ የተሽከርካሪው መለያ ነው፤ የመለየት፥ የመመርመርና የመመዝገብ ሥራውም በአዋጅ ይመራል። ስለዚህ ገዢው የሞተሩን ሕጋዊ ሰነድ ሳይቀበል ገንዘብ ሊከፍል፥ ለውጡንም ሳያስመዘግብ መንገድ ሊወጣ አይገባውም።

የላስታ መካኒክ የጎደለው ጉልበት ወይም ብልሃት አይደለም። የጎደለው ለሚኖርበት ከፍታ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ የፋብሪካው መጽሐፍ የተዘጋጀው ለባሕር ዳርቻ አገር ነውና። ይህን ማረም ፋብሪካ አያስፈልገውም። በአንድ ገጽ ላይ፥ በአማርኛ፥ ለየከፍታው የሲሊንደሩን ግፊት፥ የውሃውን የመፍያ ሙቀትና የሚጠበቀውን የኃይል ቅናሽ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ቢዘጋጅ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል። የአገሪቱ መሐንዲሶች ይህን ያህል ካላደረጉ፥ በግቢው ውስጥ በግምት የሚሠራውን ሰው ሊወቅሱት አይችሉም።