ስልኩን እናቁመው ወይስ እናጋድመው?

(በሠፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ ከኮሚቴው የቀረበ ንግግር)




ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይኸውም በእጅ ስልካችን ፎቶግራፍ ስናነሳ ስልኩን አቁመን እንያዘው ወይስ አጋድመን የሚል ነው። «ለዚህም ንግግር ያስፈልጋል እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ሆኖም እስከ መጨረሻው ሰምታችሁን ብትፈርዱ ይሻላል። ዛሬ የሠርጉም፣ የዓመት በዓሉም፣ የሽማግሌዎቻችንም መልክ የሚቀመጠው በዚችው ስልክ ውስጥ ነውና።

ጉዳዩን እዚህ ያመጣው ለቅሶ ነው። እንደሚታወቀው ሰው ሲያርፍ ቤተ ዘመድ መጀመሪያ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ፎቶግራፍ ነው፤ ተለቅ ብሎ ታጥቦ፣ በፍሬም ሆኖ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ። ያን ጊዜ የቤቱ ስልክ ሁሉ ይበረበራል። ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምንድን ነው? ሠላሳ ሰው በሁለት ረድፍ ተደርድሮ በአግድም የተነሳው የሠርግ ፎቶግራፍ ነው። እናታችን ከዳር ቆመዋል፤ ፊታቸው የጥፍር ያህል ነው። ከዚያ ላይ ተቆርጦ ሲያድግ ዓይናቸው እንኳን አይለይም። ልጆቻቸው የሚያለቅሱት በደበዘዘ ምስል ፊት ይሆናል ማለት ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን በቁጥር እናስረዳ። የስልክ ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። አንድ 12 ሜጋ ፒክስል የሚባል ካሜራ በአግድም ሲያነሳ ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 3000 ነጥብ ያህል ነው። አሥራ አምስት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም ለአንዱ የሚደርሰው 260 ነጥብ አካባቢ ሲሆን፣ ፊቱ ብቻ ሲቆጠር ከዚያ ግማሹ ቢሆን ነው። ማተሚያ ቤት ጥርት ያለ ሥራ ሲፈልግ በ2.54 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 300 ነጥብ ይጠይቃል። እንግዲህ አስሉት፤ ያ ፊት ጥርት ብሎ የሚታተመው በአንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ስልኩ ቆሞ ቢነሳ ግን አሥራ ሁለቱም ሚሊዮን ነጥብ የእሱ ነው።

«በኋላ ይዞራል፤ ይቆረጣል» የሚሉ አሉ። ማዞርና መቁረጥ ለየቅል ናቸው። በአግድም የተነሳውን ማዞር ሰውየውን ያስተኛዋል እንጂ ቁም አያደርገውም። ቁም የሚሆነው ሲቆረጥ ነው፤ ሲቆረጥ ደግሞ ከ4000 ወርድ 2250 ብቻ ይቀራል። ግማሽ ያህሉ ተጣለ ማለት አይደል?

በድሮው ጊዜ ይህን ምርጫ የሚመርጥልን ባለሙያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ አገራችን የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ቀጠሉ። ከዚያም በኋላ በየከተማው ፎቶ ቤት ተከፈተ። ፎቶ ቤት የገባ ሰው «እዚህ ተቀመጥ፤ አገጭህን ቀና አድርግ» ይባል ነበር። ባለሙያው የሚጠነቀቀው ፊልም ውድ ስለነበረ ነው። በትልቁ ፊልም የሚሠራው አራት ማዕዘን ካሜራ ከአንድ ጥቅል 12 ፎቶግራፍ ብቻ ነበር የሚያወጣው፤ ቁመቱና ወርዱም እኩል ስለሆነ ማቆም ማጋደም የሚባል ነገር አልነበረበትም። ትንሹ ፊልም ግን 24 በ36 ሚሊ ሜትር ስለነበረ አንሺው ካሜራውን ማዞር ነበረበት። ዛሬ ፊልሙ ቀርቷል፤ ባለሙያው የያዘው ኃላፊነት በየኪሳችን ገብቷል።

ስለዚህ ከማንሳታችን በፊት ሦስት ጥያቄ ራሳችንን እንድንጠይቅ እናሳስባለን።

1ኛ/ የሚነሳው ነገር ቁመቱ ነው ወይስ ወርዱ የሚበልጠው?

አገራችን ካፋ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። የባርታ ፏፏቴ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ ስልኩን አጋድሞ የሚያነሳው ሰው ወይ ራሱን ወይ እግሩን ይቆርጠዋል። እንሰትም ቁም ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎም፣ ወደዚያ የሚወጣው ሰውም እንዲሁ። በጫካ ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ወደ ብርሃን የሚመዘዘው የጫካ ቡናም ቁም ይፈልጋል። በአንጻሩ የእግዜር ድልድይ፣ የአለምጎኖ ረግረግ፣ ጠዋት ጉም የለበሰው ተራራ፣ በአልጋ ላይ የተሰጣ ቡና፣ የብሔራዊ የቡና ሙዚየሙ ሕንጻ፣ እነዚህ ሁሉ አግድም ናቸው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚህ ያልመጣ ሰው አገራችንን የሚያውቃት ልጆቻችን በሚልኩት ፎቶግራፍ ነው። ያን ሰፊ ደን በጠባብ ቀዳዳ ብናሳየው ሦስት ዛፍ ያለን ይመስለዋል።

2ኛ/ ፎቶግራፉ የት ይታያል?

ስልክ ለስልክ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ ተቀባዩም ስልኩን አቁሞ ስለሚያይ ቁም ይመቻል። ለቲክቶክም እንዲሁ ነው። በቴሌቪዥን ወይም በስብሰባ አዳራሽ መጋረጃ ላይ የሚታይ ቪዲዮ ከሆነ ግን ማጋደም ግድ ነው። ቆሞ የተቀረጸ ቪዲዮ በቴሌቪዥን ሲታይ ከመስኮቱ ሲሶውን እንኳን አይሞላም፤ የቀረው ግራና ቀኝ ጥቁር ነው። የሠርግ ጭፈራ እንደዚያ ተቀርጾ ሙሽሮቹ ብቻ ታይተው አጃቢው ሁሉ ሲቀር ስንቴ አየን!

ለሚታጠብም ፎቶግራፍ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተለመደው የማጠቢያ ወረቀት 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ነው። የስልኩ ምስል ግን ከዚያ ወፈር ያለ ስለሆነ ወረቀቱን ሲሞላ ይቆረጣል። በአግድም ከተነሳ ከላይና ከታች በድምሩ 1.25 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ስለሆነም ብዙ ሰው ስታነሱ ከራስ በላይ ትንሽ ክፍት ቦታ ተዉ። ዳር ዳር የሚቆሙትንም ከመስኮቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ አስገቧቸው፤ የስልክ ካሜራ ሰፋ አድርጎ ስለሚያይ ጠርዝ ላይ ያለን ፊት ይለጥጠዋል።

3ኛ/ ሰውየውን ብቻ ነው ወይስ ከነሥራው የምንፈልገው?

ሰውየውን ብቻ ከሆነ ቁም ነው። አንዲት እናት ቡና ሲያፈሉ ግን ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ዙሪያውን የተቀመጠው ጎረቤት ሁሉ የነገሩ አካል ነውና አግድም ይሻላል። መንገድ ሲቆረጥ ወይም ድልድይ ሲጎዳ ለሚመለከተው ክፍል የምንልከውም ሁለት ዓይነት ይሁን፤ አንደኛው ከሩቅ በአግድም፣ የሚታወቅ ቤት ወይም ዛፍ አብሮ የገባበት፤ ሁለተኛው ከቅርብ የጉዳቱ ራሱ። ከቅርብ ብቻ የተነሳ ስንጥቅ የየትኛው መንደር እንደሆነ ማን ያውቃል?

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁት ስለ ሰነድ። የይዞታ ደብተር ወይም ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ ሲነሳ ምስሉ ተገልብጦ ወይም ተጋድሞ ይወጣል። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። ስልክ መቆሙንና መጋደሙን የሚያውቀው የምድርን ስበት በሚለካ መሣሪያ ነው፤ ፊቱን ወደ መሬት ስናደርገው ግን የቱ ጎን ላይ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። መላው ቀላል ነው። መጀመሪያ ስልኩን ፊት ለፊታችሁ አቁሙት፤ መስኮቱ ላይ ያሉት ምልክቶች መቆማቸውን አይታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ወረቀቱ አውርዱት። እምቢ ካለም በኋላ ማዞር ይቻላል፤ እዚህ ላይ የሚቆረጥ ነገር የለም።

ሌላው የሚያሳስተው ስም ነው። በስልኩ ላይ «ፖርትሬት» የሚለውን የነካ ሰው ስልኩ ቁም ያነሳልኛል ብሎ ያስባል። እሱ የሰውየውን ጀርባ የሚያደበዝዝ ዘዴ ነው። ማቆምና ማጋደም የእጃችን ሥራ እንጂ የስልኩ አይደለም።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃናል። በእያንዳንዱ ቤት ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው አንድ ጥሩ የቁም ፎቶግራፍ ይኑራቸው። ለመታወቂያ የተነሱት ጉርድ ፎቶግራፍ አይበቃም፤ እሱ ትንሽ ነው፤ ፊታቸውም እዚያ ላይ እንደተቆጡ ነው። የሚወዱትን ልብስ ይልበሱ። ፀሐይ በማይመታበት ደጃፍ ላይ፣ ፊታቸው ወደ ብርሃን ዞሮ ይቀመጡ። አንሺው ስልኩን አቁሞ በዓይናቸው ቁመት ልክ ይያዘው፤ ከላይ ወደ ታች አያንሳ። ሌንሱንም በልብሱ ጫፍ ይጥረግ። ከሁሉ በፊት ግን ፈቃዳቸውን ይጠይቅ። «ለምንድን ነው?» ሲሉ «ለሞትዎ» አይባልም! «ግድግዳችን ላይ እንድናይዎት» ይባል፤ እውነትም እሱ ነው።

ስልክ የሌላቸው ቤቶች እንዳሉ እናውቃለን። የሠፈራችን ወጣቶች ጎረቤታቸውን ማንሳት እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ደንብ ይውሰዱት። የተነሳውም በአንድ ስልክ ላይ ብቻ አይቅር፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። ለሌላ ዘመድ ይላክ፤ ሲላክም በቴሌግራም እንደ ፋይል ቢላክ ነጥቡ ሳይቀነስ ይደርሳል። ቢቻል አንዱ ይታጠብ፤ ከጀርባውም ስማቸውና ቀኑ ይጻፍ።

ቁም ፎቶግራፍ በቁም ሳሉ ነው የሚነሳ።



የማኅበሩ ኮሚቴ